አላን ብሉምላይን፤ የግራና የቀኝ ሚዛን መሐንዲስ

በቫልቭ የሚሠራ አሮጌ የስቱዲዮ ሚክሰር ታድሶ ወደ ሥራ ሲመለስ ባለሙያው አስቀድሞ የሚመረምረው የግራና የቀኝ መስመሮቹን እኩልነት ነው። በሁለቱም አንድ ዓይነት የመፈተኛ ድምፅ ይለቃል፤ የአንደኛውን ዋልታ ይገለብጥና ይደምራቸዋል። ድምፁ ከጠፋ ሚዛኑ ተጠብቋል፤ ከተሰማ ግን አንዱ ቫልቭ ደክሟል፣ ወይም አንዱ ረዚስተር ከልኩ ወጥቷል። የዚህን ሚዛን ምሥጢር በንድፈ ሐሳብም በተግባርም የገለጠው እንግሊዛዊው መሐንዲስ አላን ዳወር ብሉምላይን ነው።

ብሉምላይን በኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ1903 ዓ.ም. በለንደን ተወለደ። የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ከተማረ በኋላ በስልክ መስመሮች ላይ የሚከሠተውን የድምፅ መደራረብ ለማስወገድ ሠራ። በ1929 ወደ ኮሎምቢያ የሸክላ ኩባንያ ገባ፤ ይህም ድርጅት በ1931 በውሕደት ኢ.ኤም.አይ. ወደተባለው አዲስ ኩባንያ ተጠቃለለ።

በዚያው ዓመት ሲኒማ ሲመለከት ተዋናዩ በሸራው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ድምፁ ግን ከአንድ ሥፍራ ብቻ መምጣቱ አላረካውም። ታኅሣሥ ላይ ያስገባው የፈጠራ ማመልከቻ፣ በሁለት ድምፅ ማጉያዎች መካከል ያለው የኃይል ልዩነት አድማጩ ድምፁን በየትኛው አቅጣጫ እንደሚሰማ እንደሚወስን አስረዳ። ሁለቱን ድምፆች በአንዲት የሸክላ ቦይ ውስጥ መቅረጽ የሚቻልበትንም መንገድ አሳየ። በ1934 በአቤይ ሮድ ስቱዲዮ ቶማስ ቢቻም የመራው የሞዛርት ሲምፎኒ ልምምድ በዚሁ ዘዴ ተቀረጸ። ይሁን እንጂ የስቴሪዮ ሸክላ ለገበያ የበቃው በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ፈጣሪው ካለፈ በኋላ ነው።

ብሉምላይን በቴሌቪዥን ሥራም የተካፈለ ሲሆን፣ በአጭር ዕድሜው 128 የፈጠራ መብቶች ተመዝግበውለታል። የሁለት ምልክቶችን ልዩነት ብቻ የሚያጎላውን ጥንድ የቫልቭ ወረዳም በ1936 አስመዝግቧል፤ የዚህ ወረዳ ዘሮች በኋለኞቹ ሚክሰሮች ውስጥ በብዛት ይገኛሉ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኤች ቱ ኤስ በተባለው የአውሮፕላን ራዳር ላይ ተሰማራ። ጁን 7 ቀን 1942 መሣሪያውን ለመፈተን የበረረበት ሃሊፋክስ አውሮፕላን በዌልስ ወሰን አካባቢ ተከሰከሰ፤ ከተሳፈሩት 11 ሰዎች አንድም አልተረፈም። ዕድሜው ገና 38 ነበር። ሥራው ምሥጢር ስለ ነበረ የሞቱ ዜና በጊዜው አልተነገረም። ምርመራው እንዳረጋገጠው፣ ከአደጋው በፊት በተደረገ ጥገና ከአንደኛው ሞተር ዳዶዎች አንዷ በሚገባ አልጠበቀችም ነበር፤ በዚህም ምክንያት ቫልቩ ተሰብሮ እሳት ተነሣ።

ልዩነትን እስከ ጥቃቅኑ ድረስ መለካት ያስተማረ ሰው በአንዲት ባልጠበቀች ዳዶ አለፈ። የአሮጌውን ሚክሰር ሚዛን የሚያስተካክል ቴክኒሻን ሳይቸኩል መፈተሹ ለእርሱ የሚገባው መታሰቢያ ነው።