ሐኪም ወርቅነህ በዳኝነት ወንበር

በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔታችን ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የምናነሳው ስለ ሐኪምነታቸው ብቻ አይደለም። እኛ በገዳሪፍ የምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ በሰሊጥ እርሻ ደመወዝም ሆነ በመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ዳኛ ፊት ስንቆም፣ የሁለቱንም ወገን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ እናውቃለንና ነው።

ከመተማ ወዲያ በጎንደር በ1857 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። በ1860 መቅደላ ሲወድቅ እንግሊዞች ሕፃኑን ይዘው ሄዱ። ህንድ አድገው ቻርልስ ማርቲን ተባሉ፤ ሕክምና ተምረው በበርማ ሠሩ። ከዐድዋ ድል በኋላ አገራቸው ሲመለሱ አማርኛውን እንደ አዲስ መማር ነበረባቸው።

በ1900 ዓ.ም. የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል የውጭ ዜጋና ኢትዮጵያዊ ሲካሰሱ ኢትዮጵያዊው ዳኛ ከቆንስሉ ጋር ሆኖ እንዲያይ ይደነግግ ነበር። ተከሳሹ ኢትዮጵያዊ ከሆነ በአገራችን ሕግ፣ የውጭ ሰው ከሆነ በአገሩ ሕግ ይፈረዳል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ችሎት ያልፋል። በራስ ተፈሪ ዘመን በዚህ ልዩ ፍርድ ቤት ወንበር ላይ ከተቀመጡት አንዱ ሐኪም ወርቅነህ ነበሩ። እንግሊዝ ያሳደጋቸው ሰው ከእንግሊዝ ቆንስል ጎን ተቀምጠው ለባላገሩ ሲፈርዱ ይታያችሁ! ከእሳቸው ይበልጥ የተፈተነ ዳኛ አለ ለማለት ይከብደናል።

በኋላም የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ የጨርጨር ገዥ፣ በወረራው ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ። በየካቲት 1929 ጭፍጨፋ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ዮሴፍንና ቢንያምን፣ ፋሺስቶች ገደሉባቸው። ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. አረፉ።