ጂም ላርኪን፦ የደብሊንን ትራሞች ያስቆመው ሰው

ዘመኑ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር የሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ነው። በአየርላንዷ ከተማ በደብሊን ጎህ ሲቀድ የቀን ሠራተኞች ወደ ወደቡ ይጎርፋሉ። መርከብ ከመጣ ካቦው ከተሰለፉት መካከል የፈለገውን ይመርጣል፤ ያልተመረጠው ባዶ እጁን ወደ ልጆቹ ይመለሳል። የተመረጠውም ቢሆን ድካሙን ጨርሶ ደመወዙን የሚቀበለው መጠጥ ቤት ውስጥ ነበር። ሳይጠጣ የወጣ ሰው ነገ እንደሚመረጥ ዋስትና አልነበረውምና የልጆቹ ዳቦ በብርጭቆ ይቀራል። ማታ የሚገባበትም ቤት ቤት ለመባል የበቃ አልነበረም፤ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ የከተማዋ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው በአንዲት ክፍል ታጭቀው ይኖሩ ነበር።

ይህን ኑሮ ለመለወጥ የተነሳው ሰው ጄምስ ላርኪን ይባላል። ወዳጅም ጠላትም የሚያውቀው ጂም በሚለው ስሙ ነው።

ላርኪን እ.ኤ.አ. በ1874 በእንግሊዟ የወደብ ከተማ ሊቨርፑል ከአየርላንዳውያን ድሆች ተወለደ። ትምህርትን በልጅነቱ ትቶ ወደ ሥራ ገባ፤ አባቱንም በለጋ ዕድሜው በሳንባ ነቀርሳ አጣ። በወደብ ጫኝና አውራጅነት ሠርቶ ለካቦነት በቃ። አይጠጣም፤ በሥራውም ጠንቃቃ ነበርና አሠሪዎቹ ይወዱት ነበር። በ1905 የወደቡ ሠራተኞች አድማ ሲመቱ ግን ካቦው ላርኪን ከአለቆቹ ጋር ሳይሆን ከሠራተኞቹ ጋር ቆመ። ሥራውን አጣ። የወደብ ሠራተኞች ማኅበሩም አደራጅ አድርጎ ቀጠረው።

በ1907 ወደ ቤልፋስት ተላከ። ቤልፋስት ፕሮቴስታንቱና ካቶሊኩ በጎሪጥ የሚተያዩባት ከተማ ናት። ላርኪን የሁለቱንም ወገን ጫኝና አውራጆችና ጋሪ ነጂዎች በአንድ አድማ አሰለፈ። አድማ ሰባሪዎችን እንዲጠብቁ የታዘዙ ፖሊሶች እንኳ በደመወዛቸው ማነስ አጉረምርመው አመፁ። መንግሥት ጦር አስገባ፤ በነሐሴ ወር ወታደሮች በካቶሊኮቹ ሰፈር ተኩሰው ሁለት ሰዎችን ገደሉ። አድማው ያለ ድል አበቃ። የማኅበሩ የበላዮችም የላርኪን አካሄድ ወጪው በዛ ብለው ከሥራ አገዱት። እርሱ ደግሞ በ1909 መባቻ በደብሊን የአየርላንድ የትራንስፖርትና ጠቅላላ ሠራተኞች ማኅበርን አቋቋመ።

ማኅበሩ ሌሎች ማኅበራት ሙያ የላቸውም ብለው የናቋቸውን ሰበሰበ፤ ጫኙን፣ ጋሪ ነጂውን፣ የፋብሪካ ተላላኪውን። ደመወዝ በመጠጥ ቤት የሚከፈልበትን ልማድ አስቀረ። እህቱ ዴሊያ ሴት ሠራተኞችን አደራጀች። በ1913 ማኅበሩ ከከተማ ወጥቶ በደብሊን ዙሪያ ባሉ እርሻዎች ተቀጥረው የሚሠሩትን ጭምር አባል አደረገ፤ በመከር ዋዜማም የእርሻ ባለቤቶቹ ደመወዝ ለመጨመር ተስማሙ። ለዘመናት በደረሰ እህል መካከል ተርቦ የኖረ የገጠር ምንደኛ ድምፁ የተሰማበት ወቅት ነበር።

ይህን ሁሉ በሥጋት የሚመለከት አንድ ባለሀብት ነበር። ዊልያም ማርቲን መርፊ የትራም ኩባንያው ሊቀ መንበር፣ የጋዜጦች፣ የትልቅ መደብርና የሆቴል ባለቤት ነበር። በግል ሕይወቱ ጨዋና ደግ እንደነበር ጠላቶቹ ሳይቀሩ ይመሰክሩለታል፤ የላርኪንን ማኅበር ግን በደጁ ማየት አይፈልግም። በነሐሴ 1913 በማኅበሩ አባልነት የጠረጠራቸውን ሠራተኞች ማባረር ጀመረ። ነሐሴ 26 ቀን ረፋዱ ላይ፣ ከተማዋ በዓመታዊው የፈረስ ትርዒት እንግዶች ተሞልታ ሳለ፣ የትራም ነጂዎችና ቲኬት ቆራጮች ትራሞቹን ከነተሳፋሪዎቻቸው በየመንገዱ አቁመው ወረዱ።

ባለሥልጣናት ላርኪን የጠራውን ስብሰባ አገዱ። እርሱም እግዱን የያዘውን ወረቀት በሕዝብ ፊት አቃጥሎ በቀጠሮው ቀን እንደሚገኝ ቃል ገባ። ነሐሴ 31፣ እሑድ፣ ፖሊስ በየማዕዘኑ ሲፈልገው ሰው ሠራሽ ጢም ለጥፎ፣ ያረጀ ቄስ መስሎ ወደ መርፊ ሆቴል ገባ። በሰገነት በኩል ብቅ ብሎ ጥቂት ቃላት እንደተናገረ ተያዘ። ከዚያ የሆነው ግን አስቂኝ አልነበረም። ፖሊሶች በመንገዱ ላይ የነበረውን ሰው፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰውን ጭምር፣ በቆመጥ ደበደቡ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተጎዱ፤ በእነዚያ ቀናት በደረሰባቸው ድብደባም ሁለት ሠራተኞች ሞቱ።

ከሁለት ቀን በኋላ በቸርች ስትሪት ሁለት አሮጌ መኖሪያ ቤቶች ተደርምሰው ሰባት ሰዎች አለቁ። ከሟቾቹ አንዱ በማኅበርተኝነቱ ከብስኩት ፋብሪካ የተባረረ የ17 ዓመት ወጣት ነበር፤ ታናናሾቹን ለማውጣት ወደ ውስጥ ተመልሶ ነው የቀረው።

በዚያው ሰሞን ከ400 በላይ አሠሪዎች ተሰብስበው ከላርኪን ማኅበር እንደሚወጣ ያልፈረመ ሠራተኛ ደጃቸውን እንዳይረግጥ ወሰኑ። ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞች ሥራ ተዘጋባቸው። አባል ያልነበሩት እንኳ ብዙዎቹ ለመፈረም እምቢ አሉ። የእርሻ ሠራተኞቹም ከጥቂት ሳምንታት በፊት ያገኙትን ስምምነት በዚሁ መዝጋት ተነጠቁ። መስከረም 27 የእንግሊዝ ሠራተኞች ያዋጡትን ምግብ የጫነች መርከብ ወደ ወንዙ ስትገባ ሕዝቡ በወደቡ ዳር በእልልታ ተቀበላት። በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ምድር ቤት ሴቶች ከጠዋት እስከ ማታ ሾርባ ይቀቅሉ ነበር።

ትግሉን ከሁሉ በላይ የፈተነው የሕፃናቱ ጉዳይ ነው። በጎ ፈቃደኛ ሴቶች የተራቡትን ልጆች ለጊዜው ወደ እንግሊዝ ወስደው በሠራተኛ ቤተሰቦች ዘንድ ሊያቆዩአቸው አሰቡ። የደብሊኑ ካቶሊካዊ ሊቀ ጳጳስ ግን ልጆቹ ሃይማኖታቸውን እንዳያጡ ሠግተው እናቶችን ገሠጹ። ካህናትና ምእመናን በወደቡና በባቡር ጣቢያው ቆመው ልጆቹን መለሱ። ያቺ እናት በልጇ ረሃብና በእምነቷ መካከል ቆማ ምን እንደተሰማት መገመት አያዳግትም። ዕቅዱም ከሸፈ።

ላርኪን በጥቅምት ማብቂያ ሰባት ወር ተፈርዶበት በሕዝብ ግፊት በ17 ቀናት ተፈታ። ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ ግን ለወገኖቹ አልበጀም። እንግሊዝ ሄዶ የማኅበራቱ መሪዎች በአጋርነት አድማ ካልመቱ እያለ በአደባባይ ዘለፋቸው። ደግ የነበረው ሰው ምላሱ ግን ልጓም አልነበረውም። በታኅሣሥ 9 ጉባኤያቸው መሪዎቹ ጥያቄውን ውድቅ አደረጉ፤ እርዳታውም እየመነመነ ሄደ። በ1914 መጀመሪያ ሠራተኞች በረሃብ ተገደው፣ ብዙዎቹም ፈርመው ወደ ሥራ ተመለሱ።

መርፊ ያሸነፈ መሰለ። ማኅበሩ ግን አልሞተም፤ በ1920 አባላቱ ከ100 ሺህ በላይ ደርሰው ነበር። ላርኪን በዚያን ጊዜ በአሜሪካ እስር ቤት ነበር። በ1914 ለቅስቀሳ ሄዶ በ1920 በሥርዓተ አልበኝነት ወንጀል ተፈርዶበት፣ በ1923 በኒው ዮርክ ገዥ ምሕረት ተለቀቀ። ሲመለስ ያቋቋመውን ማኅበር በሌሎች እጅ አገኘው። ከእነርሱ ጋር ተካሰሰ፤ ተረታም። በ1924 ሁለተኛ ማኅበር ሲመሠረት ከደብሊን አባላት አብዛኞቹ ተከተሉት። በአንድ ወደብ ሁለት ማኅበር ሆነ፤ ጠባቸውም ዓመታት ቆጠረ። ለዚህ ጉዳት የላርኪን ግትርነት ድርሻ ቀላል አይደለም።

ዕድሜው ሲገፋ በፓርላማና በከተማው ምክር ቤት ስለ ድሆች መኖሪያ ቤት ሲሟገት ኖረ። በ1941 የማኅበራትን መብት የሚገድብ የሕግ ረቂቅ ሲወጣ፣ በሰልፈኛ ፊት ክብሪት ጭሮ ወረቀቱን አቃጠለ።

በ1946 መጨረሻ የማኅበሩ አዳራሽ ሲጠገን ሥራውን እየተቆጣጠረ ሳለ ወድቆ ተጎዳ። ጥር 30 ቀን 1947 ዓረፈ፤ ትቶት ያለፈው ንብረት እጅግ ጥቂት ነበር። በበረዶ በተሸፈነችው ደብሊን ሠራተኞች በሺዎች ሆነው እስከ ግላስኔቪን መካነ መቃብር ሸኙት። በ1924 የተለያዩት ሁለቱ ማኅበራት በ1990 ተዋሕደው አንድ ሆኑ።