የቁጥሮች ሊቅ ራማኑጃን

ስሪኒቫሳ ራማኑጃን እ.ኤ.አ. በ1887 ዓ.ም. በደቡብ ሕንድ በኤሮድ ከተማ ተወለደ። አባቱ በአንድ የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በጸሐፊነት የሚሠራ ድኻ ሰው ነበር። ራማኑጃን በሒሳብ ከእኩዮቹ ልቆ ስለ ታየ ኮሌጅ ሲገባ የገንዘብ ድጋፍ ተሰጠው። ይሁን እንጂ ሐሳቡን ሁሉ ለሒሳብ ሰጥቶ ሌሎቹን ትምህርቶች ችላ በማለቱ በፈተና ወደቀ፤ ድጋፉንም አጣ። ብዙ ከተንገላታ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1912 ዓ.ም. በማድራስ ወደብ መሥሪያ ቤት በወር 30 ሩፒ እየተከፈለው በጸሐፊነት ተቀጠረ።

በተከታዩ ዓመት ያገኛቸውን ቀመሮች በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምረው ለሃርዲ ጽፎ ላከ። ሃርዲም ተሰጥዎውን ተረድቶ ወደ እንግሊዝ አገር ጋበዘው። ባሕር መሻገር በወገኖቹ ልማድ የተነቀፈ ቢሆንም፣ ራማኑጃን በ1914 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ከማድራስ በመርከብ ተነሣ። መርከቧም ከጅቡቲ ከተማ በስተሰሜን በሚገኘው በባብ ኤል መንደብ በኩል ቀይ ባሕርን አቋርጣ በሚያዝያ ወር እንግሊዝ ደረሰች።

ሁለቱ ሊቃውንት ከመረመሯቸው ነገሮች አንዱ የብቸኛ አካፋዮች ብዛት ነው። ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማያካፍለው ቁጥር ብቸኛ ይባላል። 26 የ2 እና የ13 ብዜት ነው። ከዚያ በኋላ የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት እስከ 33 ድረስ አይገኝም፤ 33፣ 34 እና 35 ግን ሦስቱም እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ናቸው። ርቀቱ ሥርዓት የሌለው ቢመስልም፣ ሃርዲና ራማኑጃን በ1917 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ ቁጥሮች ሲያድጉ የብቸኛ አካፋዮቻቸው ብዛት በአብዛኛው በታወቀ ሥርዓት እጅግ በዝግታ እንደሚጨምር አረጋገጡ። በአንድ ቢሊዮን አካባቢ እንኳ የአንድ ቁጥር የተለያዩ ብቸኛ አካፋዮች በአማካይ ከ3 ብዙም አይበልጡም።

በዚያው ዓመት ራማኑጃን በጽኑ ታመመ። በ1918 ዓ.ም. የብሪታንያ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በማግሥቱ ዓመት ወደ አገሩ ተመልሶ በ1920 ዓ.ም. በ32 ዓመቱ አረፈ። በሕመም አልጋው ላይ ሳለም ሥራውን አላቋረጠም።

እርሱ የደከመበት የምርምር መስክ ከሞቱ በኋላም ፍሬ ማፍራቱን አላቆመም። አራት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ ከሁለት የተለያዩ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ከሚገኙት ቁጥሮች መካከል ርቀታቸው ከ6 የማይበልጥ ጥንዶች ማለቂያ እንደሌላቸው አስረዱ። ፈተና የጣለው ወጣት ለዓለም ሊቃውንት መምህር ለመሆን በቃ።