ቅዱስ ድሜጥሮስና አልቦ የተባለው ቍጥር

በአዲስ አበባ ከካዛንቺስ አጠገብ ኡራኤል ብለን የምንጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚያ ካለው የቅዱስ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። በግእዝ ተጠብቆ በቆየው በመጽሐፈ ሄኖክ እንደ ተጻፈው፥ የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ ለሄኖክ ያሳየው ይህ መልአክ ነው። በሀገራችን ያንኑ አካሄድ ቈጥሮ በዓላትንና አጽዋማትን የሚያወጣው ትምህርት ባሕረ ሐሳብ ይባላል፤ ትውፊትም ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጠዋል።

ድሜጥሮስ፥ በስንክሳሩ ትረካ መሠረት፥ ወይን የሚያለማና ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ ነበር። ሚስት ቢኖረውም ሁለቱም በድንግልና ይኖሩ ነበር። ሊቀ ጳጳሳቱ ዩልያኖስ ሊያርፍ በተቃረበ ጊዜ፥ በማግስቱ ወይን ይዞ የሚመጣው ሰው ተተኪው እንደሚሆን ተገለጠለት፤ ድሜጥሮስም ያለ ወራቱ ያፈራ የወይን ዘለላ ይዞ መጣ። እንዲህም እ.ኤ.አ. በ189 ገደማ 12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ሆነ። ባለ ሚስት መሾሙን አይተው ያጕረመረሙ ነበሩና፥ በሕዝብ ፊት የእሳት ፍም በልብሱ ታቅፎ ሳይቃጠል ንጽሕናውን አስረዳ ይባላል።

በመንበሩ 43 ዓመት ያህል ተቀመጠ። ያልተማረው ገበሬ የትምህርት ወዳጅ ነበር፤ የ18 ዓመት ወጣት የነበረውን ኦሪጀንን በእስክንድርያ የትምህርተ ክርስቶስ ትምህርት ቤት ላይ የሾመው እርሱ ነው። በኋላ ግን ኦሪጀን ያለ እርሱ ፈቃድ በፍልስጥኤም ቅስና በመቀበሉ ተለያዩ።

ትውፊት እንደሚለው፥ የባሕረ ሐሳብን ምሥጢር በጾምና በጸሎት ከመልአክ ተቀበለ። የታሪክ ሊቃውንት ደግሞ በ19 ዓመት የሚዞረው ቍጥር መልኩን የያዘው ከእርሱ በኋላ በእስክንድርያ ሊቃውንት እጅ መሆኑን ይናገራሉ።

የቍጥሩ ሥርዓት እንዲህ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተጨምሮ ለ19 ይካፈላል፤ ከቀሪው 1 ሲቀነስ የሚገኘው ወንበር ይባላል። የ2006 ዓ.ም. ድምር 7506 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 1 ይቀራል፤ ያም 1 ሲቀነስ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ሊቃውንቱ ይህን አልቦ ይሉታል። ወንበር በ11 ተባዝቶ የሚገኘው አበቅቴም አልቦ ሆነ፤ መጥቅዕ ግን 30 ሆነ። ከዚያ ተነሥተው ሲቈጥሩ ጾመ ነነዌ የካቲት 3፥ ትንሣኤም ሚያዝያ 12 ዋለ።

የግእዝ አኃዝ ለዜሮ ምልክት የለውም፤ 10ም 100ም የየራሳቸው ፊደል አላቸው። የባሕረ ሐሳብ መምህራን ግን ምልክቱ ባይኖራቸውም ዜሮን በቃል ያውቁት ነበር። በወንበሩ ላይ የተቀመጠ ቍጥር የለም፤ ወንበሩ ግን በቦታው አለ። ስለዚህ አልቦ ቈጥረው የደረሱበት መልስ ነው፤ የትንሣኤም በዓል ከእርሱ ተነሥቶ ይወጣል።

እግዚአብሔር ዓለምን ካለመኖር ወደ መኖር አመጣ ብለን ስናስተምር፥ ግእዙ ያንኑ አልቦ የሚለውን ቃል ይጠቀማል፤ ምሥጢሩ ግን ሌላ ነው። በዚያ ባዶ ወንበር እንኳ አልነበረም፤ የሚቈጠር ነገርም፥ የሚቈጥር ፍጡርም፥ የሚቈጠርበት ዘመንም አልነበረም። ዜሮ በቍጥር መካከል ስፍራ አለው፤ ምንም ግን ስፍራ የለውም። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው፥ እግዚአብሔር ዓለሙን ከአንድ ባዶ ጎተራ ያወጣው ይመስለዋል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ይህ ልዩነት በክፍላችሁም ውስጥ አለ። ፈተና ተቀምጦ ዜሮ ያገኘ ልጅ ስሙ በመዝገብ ሰፍሯል፤ ወንበሩም አለው። ምንም አይደለህም ያልነው ጊዜ ግን ወንበሩን ከሥሩ እንወስድበታለን። የድሜጥሮስ የፊደል ዕውቀት በቍጥር ቢመዘን አልቦ ነበር፤ እርሱ ራሱ ግን በእግዚአብሔር ፊት ከቶ ምንም አልነበረም ማለት አይቻልም። ዛሬ የትንሣኤን ቀን በቈጠርን ቍጥር ስሙን የምናነሣው የዚያን ገበሬ ነው።

ዕረፍቱ ጥቅምት 12 ቀን ይታሰባል። ወንበር አልቦ የሚሆንበት ቀጣዩ ዓመት ደግሞ 2025 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜም ከባዶው ወንበር የትንሣኤ ቀን ይወጣል።