ባዮስን የሰየመው ሰው፦ ጌሪ ኪልዳል (1942–1994)

ችግር ብልሃትን ይወልዳል ይባላል። እኔን ደግሞ ችግር የሰው ታሪክ አስነበበኝ። በዚህች አጭር ጽሑፍ ላስታውሳችሁ የፈለግሁት በኮምፒዩተር ታሪክ ውስጥ ስሙ ደጋግሞ የሚነሳውን ጌሪ ኪልዳልን ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ትልቅ ገበያ አምልጦት የቀረ ሰው እየተባለ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የጀመረው ላብ ጥግ ላይ ተቀምጦ አቧራ በለበሰ አንድ አሮጌ ወርክስቴሽን ነው። ሊኑክስ ልጭንበት ተነሳሁ። ማሽኑ እንደ ተራ ፒሲ አይደለም። አንድ ትንሽ ሃርድ ዲስክ ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቷል፤ ትልቁ ዲስክ ደግሞ ከሌላ ዓይነት ወርክስቴሽን ተነቅሎ በመጣ የስካዚ ካርድ ላይ ነው ያለው። በሲዲ አስነስቼ ጫንኩ፤ ሁለቱም ዲስኮች ታዩ፤ ሥራው ያለ አንዳች ስህተት አለቀ። ሪስታርት ሳደርገው ግን ግረብ የሚባለው ቡት ሎደር የምፈልገው ዲስክ የለም ብሎ በጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጠበቀ ቁጭ አለ። እንደገና ጫንኩ፤ ያው ነው። ኬብል ቀየርኩ፤ ያው ነው። ሦስት ቀን ለፋሁ። ዲስኩ ተበላሽቷል ብዬ ልጥለው ምንም አልቀረኝም ነበር። በመጨረሻ ማኑዋሉን ሳገላብጥ ግረብ እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ዲስክ የሚያነበው በባዮስ በኩል መሆኑን አየሁ። እንግዲህ ይሄ ባዮስ የሚሉት ነገር ከየት መጣ ብዬ ስፈልግ ነው ከኪልዳል ጋር የተገናኘሁት።

ኪልዳል በ1942 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ መርከበኞችን የባሕር ላይ ጉዞ ስሌት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነበረው። እሱም የሒሳብ አስተማሪ ለመሆን አስቦ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ነገር ግን ኮምፒዩተር ልቡን ወሰደው። የውትድርና ግዴታውን የተወጣው በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ በሚገኘው የባሕር ኃይል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት በማስተማር ነው። በ1972 ዶክትሬቱን ከያዘ በኋላም እዚያው ማስተማሩን ቀጠለ።

ኢንቴል በ1971 4004 የተባለውን ማይክሮፕሮሰሰር ለገበያ ሲያወጣ፣ ብዙ ሰው ቺፑን ለካልኩሌተርና ለመቆጣጠሪያ ዕቃዎች እንጂ ለሌላ አላሰበውም። ኪልዳል ግን ገና ከጅምሩ እንደ ኮምፒዩተር አየው። ከማስተማሩ ጎን ለጎን የኢንቴል አማካሪ ሆነ፤ በ1973ም ለማይክሮፕሮሰሰር ፕሮግራም መጻፊያ የሚሆን ፒኤል/ኤም የተባለ ቋንቋ ሠራ።

ቀጥሎ የፍሎፒ ዲስክ ድራይቭ እጁ ገባ። ድራይቩን ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያገናኝ ኮንትሮለር ግን አልነበረውም። ራሱ ሊሠራ ሞከረ፣ አልሆነለትም። የሶፍትዌር ሰው ነዋ! በኋላ ጆን ቶሮድ የተባለ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ሠራለት። በ1974 ፓሲፊክ ግሮቭ በሚገኘው ቤቱ ጓሮ ሲፒ/ኤም የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሳ። ኢንቴል ሊገዛው ፍላጎት ስላላሳየ ኪልዳል ከባለቤቱ ከዶሮቲ ጋር ሆኖ በኋላ ዲጂታል ሪሰርች የተባለውን ድርጅት አቋቋመ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ ያን ጊዜ እንደ ዛሬው አንድ ወጥ ፒሲ የሚባል ነገር አልነበረም። እያንዳንዱ ፋብሪካ የየራሱን ኮንትሮለርና ተርሚናል ነው የሚሠራው፤ ማለትም ማሽኑ ሁሉ ከስታንዳርድ ውጪ ነበር። አዲስ ማሽን በመጣ ቁጥር ሲፒ/ኤም እየተከፈተ መታረም ነበረበት። ኢምሳይ የተባለው ኮምፒዩተር አምራች ሲፒ/ኤምን ለራሱ ማሽን ሲፈልግ ኪልዳል ይህን የማያልቅ ሥራ የሚያስቀር መላ ዘየደ። ለሁሉም ማሽን አንድ የሆነውን ክፍል ለብቻ፣ ከማሽን ማሽን የሚለያየውን ክፍል ደግሞ ለብቻ አደረገ። ሁለተኛውን ባዮስ አለው፤ መሠረታዊ የግቢና የውጤት ሥርዓት ማለት ነው።

በሲፒ/ኤም 2.2 ይህ ክፍል 17 አገልግሎቶች ብቻ ነበሩት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ማሽኑን የማስነሳት ሥራ ናቸው። ከተቀሩት ውስጥ ዲስክ ምረጥ፣ ትራክ ቁጥር ያዝ፣ ሴክተር አንብብ፣ ሴክተር ጻፍ የሚሉት ይገኙበታል። ላይኛው ክፍል ኮንትሮለሩ የማን ሥሪት እንደሆነ ማወቅ አያስፈልገውም፤ አንብብ ይላል፣ ይነበብለታል። አዲስ ማሽን የሠራ ሰውም ሙሉውን ሲስተም ትቶ እነዚህን 17 ነገሮች ብቻ ይጽፋል። በስምንት ኢንች ፍሎፒው የመጀመሪያ ሴክተር ላይ፣ በ128 ባይት ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም የቀረውን ወደ ሜሞሪ ትጠራዋለች። በቃ፣ ቡት ሎደር ማለት ይቺው ናት።

የእኔም ማሽን ችግር የተገለጠልኝ እዚህ ላይ ነው። ለካስ ዲስኩ ደህና ነው! በካርዱ ላይ ያለው ሮም የተጻፈው ለሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ስለነበረ የእኛ ባዮስ ሊያስኬደው አይችልም። ስለዚህ ባዮስ ትልቁን ዲስክ አያየውም። ባዮስ ያላየውን ደግሞ ግረብም አያየውም። ሊኑክስ ግን አንዴ ከተነሳ የራሱ ድራይቨር ስላለው ያየዋል፤ ሲጫን ችግር ያልታየውም ለዚህ ነው። ከርነሉንና የግረብን ፋይሎች ባዮስ በሚያየው ትንሽ ዲስክ ላይ አድርጌ፣ ሌላውን ሁሉ ትልቁ ላይ ተውኩት። ማሽኑ ተነሳ። ሦስት ቀን የለፋሁት ስህተቱን ከመስመሩ ወዲያ ማዶ ስፈልግ ነው፤ ስህተቱ ግን ወዲህ ነበር።

አሁን ወደ ታወቀው ታሪክ እንለፍ። በ1980 አይቢኤም ለአዲሱ ፒሲ ሲስተም ፍለጋ ዲጂታል ሪሰርች መጣ። ኪልዳል በዚያ ቀን የራሱን አውሮፕላን እያበረረ ወደ አንድ ደንበኛ ሄዶ ነበር። ጉዞው የሥራ ቀጠሮ ሆኖ ሳለ ሲወራ ሲወራ ሽርሽር ሆነ። አይቢኤም ባቀረበው የምስጢር መጠበቂያ ውል ላይ ዶሮቲና ጠበቃቸው አመነቱ፤ ድርድሩም አልጨበጥ አለ። ማይክሮሶፍት በበኩሉ ቲም ፓተርሰን የሲፒ/ኤምን አጠራር ተከትሎ የጻፈውን ሲስተም ከሲያትል ኮምፒዩተር ፕሮዳክትስ ገዝቶ ለአይቢኤም አቀረበ። ፒሲው በነሐሴ 1981 ወጣ። አይቢኤም የኪልዳልንም ሲስተም ሊሸጥ ተስማማ፤ ዋጋው ግን 240 ዶላር ሲሆን የማይክሮሶፍቱ 40 ዶላር ነበር። 240 ከፍሎ የሚገዛ ከየት ይመጣል? ፒሲው ውስጥ በሮም የተቀመጠው መሠረታዊ ፕሮግራም ሳይቀር ስሙ ባዮስ ነበር። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

ኪልዳል ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ድርጅቱ ጌም የተባለውን በሥዕል የሚሠራ ገጽታና ዲአር ዶስን አወጣ። እሱም በ1985 ኢንሳይክሎፒዲያ በሲዲ-ሮም ላይ ካቀረቡት ቀዳሚ ሰዎች አንዱ ሆነ፤ ስለ ኮምፒዩተር በሚያስረዳ የቴሌቪዥን ፕሮግራምም ለዓመታት ቀረበ። ድርጅቱ በ1991 ለኖቬል ተሸጠ። በ1992 የተማረበት የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ዋና ተናጋሪ ሆኖ የተጋበዘው የክፍሉ ምሩቅ ኪልዳል ሳይሆን ቢል ጌትስ ነበር። ይህ በጣም ስለከነከነው ትዝታውን መጻፍ ጀመረ። በሐምሌ 1994 ሞንተሬይ ውስጥ ጭንቅላቱ ላይ በደረሰበት ጉዳት በ52 ዓመቱ አረፈ። በ2014 አይትሪፕልኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር በፓሲፊክ ግሮቭ የድርጅቱ ቢሮ በነበረው ቤት ደጃፍ ላይ የመታሰቢያ ጽሑፍ አስቀመጠለት። ከትዝታው ከፊሉም በ2016 ለሕዝብ ወጣ።

ዛሬ አዳዲስ ማሽኖች በባዮስ ፈንታ ዩኢኤፍአይን ይዘው ነው የሚመጡት። የማሽኑን ለማሽኑ፣ የጋራውን ለጋራ የሚለው አሠራር ግን አልተለወጠም። እኔም ስለ ኪልዳል ሲወራ ስሰማ የአንድ ቀን በረራውን ብቻ አንስቼ ከሚስቁት አንዱ ነበርኩ። ውድ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች፣ ማሽን አልነሳ ሲላችሁ ዲስክ ከመጣላችሁ በፊት ከመስመሩ በየትኛው ወገን እንዳላችሁ ጠይቁ። መስመሩን ያሰመረውንም ሰው አስታውሱት። ያ አሮጌ ወርክስቴሽን አሁንም ላብ ውስጥ አለ፤ መጥታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።