የሌላውን ልጅ ማሳደግ ማን ይችላል?
(የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ታሪክ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ በኦሪት ዘጸአት እንደምናነበው ሕፃኑ ሙሴ በደንገል ሣጥን ተደርጎ በወንዝ ዳር በተቀመጠ ጊዜ የፈርዖን ልጅ አገኘችው፤ ራራችለትም። ይህን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ያደግን ታሪክ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ነገር አለ። የንጉሡ ልጅ ሕፃኑን አይታ በማዘን ብቻ አልቀረችም፤ የምታጠባው ሴት አስፈልጋ፣ ለድካሟም ደመወዝ ቆርጣ ነው ያሳደገችው። ያቺ ሞግዚት ደግሞ የገዛ እናቱ ነበረች። እንግዲህ የሰው ልጅ ለማሳደግ ርኅራኄ መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም። ከርኅራኄው በኋላ ወጪ አለ።

በዚህ በከተማችን በሐረር፣ በጀጎል ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ ባለው ሠፈር፣ እናት አባት የሌለውን ልጅ እንደ ልጃቸው ሊያሳድጉ የሚፈቅዱ ሰዎች አይታጡም። አብዛኛው ሰው ወደ ኋላ የሚለው ከጭካኔ የተነሣ አይደለም። ዛሬስ አበላው ይሆናል፣ የነገውን ልብሱን፣ ደብተሩን፣ ሲታመም መታከሚያውን ከየት አመጣለሁ ብሎ ስለሚሰጋ ነው። ስጋቱም ከንቱ አይደለም፤ ልጅን ወስዶ መንገድ ላይ መተው ከመጀመሪያው ካለመውሰድ የባሰ በደል ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ፣ በሐረር ያደጉ አንድ ታላቅ ሰው በልጅነታቸው በእነማን እጅ እንዳለፉ፣ የማሳደጊያቸውንም ሸክም እነማን እንደተካፈሉት እንመለከታለን። እኚህ ሰው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው።

ተክለ ሐዋርያት በሰኔ ወር 1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ከእናታቸው ተለይተው፣ በራስ መኰንን ዘንድ ወደሚኖሩት ወንድማቸው ወደ ሐረር መጡ። በዚያን ዘመን የባቡር ሐዲድ አልተዘረጋምና መንገዱ በእግርና በበቅሎ የሚገፋ ነበር። እናት ልጇን ያን ያህል ርቀት ስትልክ ተመልሶ እንደምታየው በምን ታውቃለች? ስለዚህ የማሳደጊያውን ዋጋ በመጀመሪያ የከፈሉት በእንባቸው እናታቸው፣ ቀጥሎም ልጁን በራሳቸው ላይ የጫኑት ወንድማቸው ናቸው ማለት ይቻላል።

ሐረርን ዳግማዊ ምኒልክ ከጨለንቆ ድል በኋላ በጥር 1879 ዓ.ም. ያዟት፤ አስተዳዳሪዋም መኰንን ሆኑ። ሐረር ያን ጊዜም የንግድ አገር ነበረች። ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱ ወደ ባሕር ሲወርድ፣ ጨርቁና ሌላውም ሸቀጥ ከባሕር ሲወጣ በኬላዋ ቀረጥ ይከፈልበታል። የራስ መኰንን ቤት ከዚህ ገቢ ይተዳደር ስለ ነበር ብዙ የሰው ልጅ በዚያ ቤት በልቶ አድጓል። የራሳቸው ልጅ ተፈሪም ቢሆኑ እናታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ዓሊ በ1886 ዓ.ም. ሲያርፉ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበርና የእናት እጅ አላሳደጋቸውም። ከእርሳቸውም ጋር ዘመዳቸው ልጅ እምሩ፣ በኋላ ራስ እምሩ የተባሉት፣ እንደ ወንድማማች አብረው አድገዋል። እንደ ጊዜው ልማድ በታላላቅ ሰዎች ቤት የሚያድግ ልጅ ይላላካል፣ ፊደል ይቆጥራል፣ በሰው ፊት መቆምንና መናገርን ይማራል። ተክለ ሐዋርያት ከወንድማቸው እጅ ወደዚህ ሰፊ ቤት ተሻገሩ።

በ1888 ዓ.ም. ራስ መኰንን የሐረርን ጦር ይዘው ወደ ሰሜን ሲዘምቱ ልጁም አብረው ሄዱ። ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ የሆነውን በዐይናቸው አዩ። በዚያው ዓመት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቁስለኞችን ለማከም ወደ አገራችን መጥተው ነበር። ሩሲያም ኢትዮጵያን ከሃይማኖት የተነሣ እንደ ዘመድ የምትቆጥር አገር ስለ ነበረች የሁለቱ መንግሥታት ወዳጅነት እየጠነከረ ሄደ። ከድሉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ተክለ ሐዋርያት ለትምህርት ወደ ሩሲያ ተላኩ።

እዚያም ኮሎኔል ሞልቻኖፍ የሚባሉ የጦር መኰንን ተቀብለው አሳደጓቸው። እስቲ ነገሩን እናስበው። የማያውቁት አገር ልጅ፣ ቋንቋቸውን የማይሰማ፣ የሐረርን ለስላሳ አየር የለመደ፣ በሴንት ፒተርስበርግ በረዶ ውስጥ ሲደርስ መኝታ ይፈልጋል፤ ወፍራም ካፖርትና ጫማ ይፈልጋል፤ ቋንቋ የሚያስተምረው ሰው ይፈልጋል፤ ከሁሉም በላይ ማታ ወደ ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። ኮሎኔሉ ለተክለ ሐዋርያት እንደ አባት ሆኑላቸው። ከቮልኮንስኪ መሳፍንት ወገን የሆኑ አንዲት ልዕልትም እንደ እናት አቀረቧቸው። ተክለ ሐዋርያት በሚካኤሎቭስካያ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ተምረው መኰንን ለመሆን በቁ።

በዚህ መካከል ራስ መኰንን በመጋቢት ወር 1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ዐረፉ። እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባል። የልጁ ኑሮ በአንድ በራስ መኰንን እጅ ብቻ ተንጠልጥሎ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን ምን ይሆኑ ነበር? ነገር ግን በዚያን ጊዜ ብዙ እጅ ደግፏቸው ነበርና አልወደቁም።

ይህ ነገር ለተክለ ሐዋርያት ብቻ የሆነ አይደለም። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ታሪክ ይበልጥ ግልጽ ያደርግልናል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅ ሕፃኑ ወርቅነህ ከወላጆቻቸው ተለይተው ተገኙ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባሉ መኰንን ወደ ሕንድ ወስደው ያሳድጓቸው ጀመር። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ግን አሳዳጊው ሞቱ። ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ አባት ሊያጡ ሲሉ ኮሎኔል ማርቲን የሚባሉ ሌላ መኰንን ተነሥተው የትምህርታቸውን ወጪ ከገንዘባቸው ይከፍሉ ጀመር። ቻርልስ ማርቲን የተባለው ስማቸው የመጣው ከእነዚህ አሳዳጊዎች ነው። ወርቅነህም በ1874 ዓ.ም. በላሆር ሕክምና ተምረው ጨረሱ፤ በኋላም ወደ አገራቸው መጥተው ድንኳን ተክለው ድኻውን በነፃ አከሙ፤ ዘመዶቻቸውንም አገኙ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆኑ፤ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት በማቋቋምም ደከሙ። ሁለተኛው ሰው ሸክሙን ባይረከብ ኖሮ ይህ ሁሉ በመቅደላና በሕንድ መካከል በቀረ ነበር።

ወደ ተክለ ሐዋርያት እንመለስ። ከሩሲያ በኋላ በአውሮፓ እርሻን ተምረው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። አሳዳጊዎቻቸው ያወጡት ወጪ ፍሬ ማፍራት ጀመረ። ፋቡላ የተባለችውን፣ የአገራችን የመጀመሪያ ተውኔት ተብላ የምትጠራውን የአውሬዎች ኮመዲያ ጻፉ። ጅጅጋን ሲያስተዳድሩ የከተማዪቱን መንገዶች ቀጥ አድርገው አስቀየሱ። በ1910ዎቹ አጋማሽ በሐረርጌ የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ ቆረቆሩ፤ አውራጃውም ለሌላው አገር ምሳሌ እንዲሆን ተጣጣሩ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የጸደቀውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው። በጅሮንድ ተብለውም የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ፋሺስት ኢጣልያ ልትወርረን በተዘጋጀች ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ለአገራቸው ተከራከሩ።

የሚደንቀው ደግሞ ሐኪም ወርቅነህም በ1923 ዓ.ም. ገደማ የዚያው የጨርጨር ገዥ ሆነው መሾማቸው ነው። ሁለት በሰው እጅ ያደጉ ልጆች ተከታትለው አንድ የሐረርጌ አውራጃ አስተዳደሩ።

የተክለ ሐዋርያት ኑሮ ግን ሁልጊዜ የተቃና አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ከአገር እንዳይወጡ ተቃውመው ነበር። ከዚያም እርሳቸው ራሳቸው በስደት ብዙ ዓመታት ኖሩ፤ እስከ ማዳጋስካር ደሴት ድረስ ደረሱ። ከተመለሱ በኋላ በሐረርጌ በሒርና እያረሱ ኖረው በሚያዝያ ወር 1969 ዓ.ም. በዘጠና ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። በልጅነታቸው የተቀበለቻቸው የሐረር ምድር በሽምግልናቸውም ተቀበለቻቸው።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? አንዳንድ ሰው ራስ መኰንን ባለ ኬላ፣ ልዕልቲቱ ባለ ርስት ነበሩ፣ እኛ ምን አለን ይል ይሆናል። እውነት ነው። ሆኖም ባለጸጋ ቤት ያደጉት ልጅ እንኳ በአንድ ሰው ወጪ አላደጉም። ወንድም አስጠጋቸው፣ ራስ ቀለባቸው፣ ኮሎኔል ቤቱን ከፈተላቸው፣ ልዕልት አጽናናቻቸው። ባለጸጎች ተካፍለው ያሳደጉትን፣ እኛ ድኾቹ አንዱ ሰው ብቻውን እንዲችለው መጠበቃችን ትክክል አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ሲባል ሰምተናል።

አባቶቻችን የጡት ልጅ ሲያደርጉ አሳዳጊው ጣቱን በማር ነክሮ ለልጁ ያጠባ ነበር። ኦሮሞዎች ወገኖቻችንም ጉዲፈቻ ብለው በሽማግሌና በጎረቤት ፊት ልጅ ያደርጋሉ። ይህ ሁሉ በአደባባይ የሚሆነው ልጁ የአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን የአገሩ አደራ ስለሆነ ነው። ዛሬም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ጉዲፈቻ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው እንዲሆን ያዝዛል፤ ፍርድ ቤትም ጉዲፈቻውን ከማጽደቁ በፊት ልጁን ለማሳደግ መቻሉን ይመረምራል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ልጆቻችንን በጉዲፈቻ ለውጭ አገር ሰዎች መስጠት በሕግ ተከልክሏል። እንግዲህ የዛሬው ሞልቻኖፍ ከሩቅ አገር አይመጣም፤ ከመካከላችን መገኘት አለበት።

ስለዚህ በአጥቢያችን አንድ ቤተ ሰብ ልጅ ለማሳደግ ቢነሣ እግዚአብሔር ይስጥልን ብለን ብቻ አንለፍ። ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ ወጪውን ከፋፍለን እንጻፈው፤ አንዱ ደብተርና እርሳስ፣ አንዱ የዓመት ልብስና ጫማ፣ ዕድሩ መታከሚያውን፣ ገንዘብ የሌለን እኛ ወጣቶች ደግሞ ማታ ማታ ማስጠናቱን እንውሰድ። ሁለተኛ፣ የምንሰጠው ትንሽም ቢሆን በየወሩ ይሁን፤ ልጅ በዓመት አንድ ጊዜ ለፋሲካ ብቻ አይበላምና። ሦስተኛ፣ አሳዳጊው ቢታመም ወይም ቢሞት ልጁን የሚረከበው ሁለተኛ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ይታወቅ። ወርቅነህን ያዳናቸው ይህ ሁለተኛው ሰው ነውና።

ነገ በመካከላችን የሚያድገው ልጅ ሕግ አርቃቂ ይሁን ሐኪም፣ ወይም በሒርና ማሳ ላይ ደኅና ገበሬ፣ እኛ አናውቅም። የፈርዖንም ልጅ ለሞግዚቲቱ ደመወዝ ስትቆርጥ ማንን እያሳደገች እንደነበረ አላወቀችም። ልጁ ረኃብተኛ እንደሆነ ግን ታውቅ ነበር፤ ይህም በቂዋ ሆነ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።