ዮሃን ፔተር ዮሃንሰን

ዮሃን ፔተር ዮሃንሰን (ዲሴምበር 12 ቀን 1853 – ኦገስት 25 ቀን 1943 እ.ኤ.አ.) ስዊድናዊ ፈጣሪና የፋብሪካ ባለቤት ነበር። በ1888 የቧንቧ መፍቻን፣ በ1892 ደግሞ ተስተካካይ መፍቻን በማስመዝገቡ ይታወቃል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በምዕራብ ስዊድን በምትገኘው ቮርጎርዳ ሲሆን፣ ለድሃ ገበሬ ወላጆቹ ከስድስት ልጆች የመጀመሪያው ነበር። በኤስኪልስቱና ከተማ በሙንክቴል የማሽን ፋብሪካ ከሠራ በኋላ በቬስቴሮስ አካባቢ አንጥረኛ ሆነ። በ1886 በኤንሾፒንግ የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ።

በዚያ ዘመን የዳዶ መጠን ወጥ አልነበረም። ማሽን ለመጠገን የሚሄድ ሰው በርካታ መፍቻ ተሸክሞ ይጓዝ ነበር፤ ያም ሆኖ ልክ የሚሆነው ላይገኝ ይችላል። ዮሃንሰን ይህን ሸክም በአንድ መሣሪያ ተካው። በአውራ ጣት የምትዞር ቪቴ አንዱን መንጋጋ ታስጠጋለች ወይም ታርቃለች።

ሁለቱ ሥራዎቹ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። የተስተካካይ መፍቻ መንጋጋዎች ልስልስና ትይዩ ናቸው፤ የተሠሩትም ለዳዶና ለቡሎን ነው። ሲሳብ ኃይሉ በማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ላይ ማረፍ አለበት፣ አለዚያ ይንሸራተታል። የቧንቧ መፍቻው ግን ጥርስ አለው፤ በተሳበ ቁጥር ክቡን ቧንቧ አጥብቆ ይነክሳል። በዳዶ ላይ ከዋለ ማዕዘኑን ይበላዋል። በእኛ አገር የቧንቧ ሠራተኞች ይህንን ጂራቱቦ ይሉታል፤ ቃሉ የጣሊያንኛ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ባሉት በሚኤሶ፣ በጭሮ (አሰበ ተፈሪ) እና በሂርና ዕቃ የሚገዛ ሰውም የትኛውን እንደሚፈልግ ለይቶ መጠየቅ ይበጀዋል።

ተስተካካይ መፍቻን ከባዶ የፈጠረው ዮሃንሰን ነው ማለት ግን ስህተት ነው። ከእሱ ቀደም ብሎ በ1846 የሞተው እንግሊዛዊው ኤድዊን ባዲንግ በቪቴ የሚስተካከል መፍቻ ሠርቶ ነበር። የስሙ ክርክርም ከዚህ ጋር ይሄዳል፦ ጣሊያኖች መሣሪያውን የእንግሊዝ ቁልፍ፣ ዴንማርካውያን ደግሞ የስዊድን ቁልፍ ይሉታል። አሜሪካውያን ክሬሰንት የሚሉት በ1907 በተቋቋመ አምራች ኩባንያ ስም ነው።

ከ1890 ጀምሮ መሣሪያዎቹን ለዓለም ገበያ ያቀረበው ቢ. ኤ. ዮርት የተባለ የንግድ ድርጅት ሲሆን፣ ባህኮ የሚለው የንግድ ምልክት ከድርጅቱ ስም የወጣ ነው። ዮሃንሰን ፋብሪካውን ለዚሁ ድርጅት ካስተላለፈ በኋላ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መብራት አዞረ፤ ከፍና ዝቅ የሚል ተንጠልጣይ የመብራት መያዣም ሠራ። በሕይወቱ ከ100 በላይ የፈጠራ መብቶችን አስመዝግቧል። በ89 ዓመቱ በኤንሾፒንግ አረፈ።